ግሬይ ግራጫ አይደለም፦ የሚሸውዱ የልብስ ፋብሪካ ቃላት

ስልኩ ላይ ያለው ሰውዬ "ግሬዩ ገብቷል፤ 2 ቶን" አለኝ። እኔም ማስታወሻዬ ላይ "ግራጫ ጨርቅ፣ 2 ቶን" ብዬ ጻፍኩ። ትዕዛዛችን ግን ጥቁር ሰማያዊ ቲሸርት ነበር። ላብ አጠመቀኝ። ወዲያው አለቃዬ ጋ ደውዬ "የተሳሳተ ቀለም ልከውልናል" አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ የሳቀው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

በዚህ ሙያ ግሬይ ማለት ከማሽን እንደወረደ ያለ ጥሬ ጨርቅ ነው። አልታጠበም፣ አልነጣም፣ አልተነከረም። የጥጥ ከሆነ መልኩ ወደ ቢጫ ያደላ ነጭ ነው፤ አቡጀዲ ያየ ሰው በዓይነ ሕሊናው ሊስለው ይችላል። ቃሉ ጥሬ ሐር ከሚጠራበት "ግሬዥ" ከሚባል የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጆሯቸው ላይ ግራጫ የሚለውን ቃል ስለመሰላቸው አጻጻፉም አብሮ ተምታታ። ስለዚህ የተሸወድኩት እኔ ብቻ አይደለሁም ብዬ እጽናናለሁ።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ሰው የሚሳሳተው በማያውቀው ቃል አይደለም። "ኢንተርላይኒንግ" ሲባል ያልገባው ሰው "ምንድነው እሱ?" ብሎ ይጠይቃል። ኮሌታው ውስጥ ገብቶ የሚያደነድነው ስስ ጨርቅ ነው ይባላል፤ አለቀ። ጉድ የሚያፈላው የምናውቀው የሚመስለን ቃል ነው። ግሬይ፣ ማርከር፣ ግሬዲንግ፣ ጀርሲ፣ ፋስትነስ። ሌላው ቀርቶ ደቂቃ የሚለው ቃል ራሱ ይሸውዳል። እዚህ የማነሳው በብዛት እንዲህ ዓይነቶቹን ነው፤ ሌላውን ከመዝገበ ቃላት ታገኙታላችሁ።

ከፈትሉ እንጀምር። ፈትል ቁጥር አለው፤ ባለሙያዎቹ ካውንት ይሉታል። አንዱ ፈትል 30 ካውንት፣ ሌላው 40 ካውንት ቢሆን ወፍራሙ የትኛው ነው? አብዛኛው ሰው 40 ይላል። ወፍራሙ ግን 30 ነው።

ምክንያቱም ለጥጥ የሚሠራበት የእንግሊዝ ካውንት የሚቆጥረው ርዝመትን ነው። አንድ ፓውንድ ፈትል፣ ማለትም 454 ግራም ገደማ፣ ይመዘናል። ከዚያ እያንዳንዱ 840 ያርድ የሚረዝም ስንት ልቃቂት እንደሚወጣው ይታያል። 840 ያርድ 768 ሜትር ነው። 30 ልቃቂት ከወጣው 30 ካውንት ተባለ፤ ተዘርግቶ ቢለካ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። 40 ካውንት ከሆነ ያው 454 ግራም ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋል። በዚያው ክብደት ብዙ መንገድ ለመሄድ መቅጠን ግድ ነው። እንዝርት ያሾረ ሰው ይህን ያለ ሒሳብ ያውቀዋል።

ችግሩ እዚህ አያበቃም። ቴክስ እና ዴኒየር የሚባሉት መለኪያዎች በተቃራኒው ይሄዳሉ። ቴክስ 1,000 ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል ብሎ ይጠይቃል። ዴኒየር ደግሞ 9,000 ሜትሩን ይመዝናል። እዚህ ቁጥሩ ሲያድግ ክሩ ይወፍራል። እናም በአንድ ግቢ ውስጥ ጥጥ የሚሠራው ሰው "ቁጥሩን ከፍ አድርጉልኝ" ሲል አቅጥኑልኝ ማለቱ ነው። ፖሊስተር የሚሠራው ሰው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሲናገር አወፍሩልኝ እያለ ነው። ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። መጀመሪያ በየትኛው መለኪያ እንደሆነ ጠይቁ።

ፕላይ የሚለው ቃልም አለ። ፈትል ላይ ሲሆን ስንት ክር አብሮ እንደተገመደ ይናገራል። 60/2 ከተባለ ሁለት ባለ 60 ክሮች አንድ ላይ ተገምደዋል ማለት ነው። ውፍረቱ በግርድፉ ከ30/1 ጋር እኩል ነው፤ ይበልጥ ለስላሳና ጠንካራ፣ ዋጋውም ወደድ ያለ ነው። መቁረጫ ክፍል ስትገቡ ግን ፕላይ ማለት ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈ አንድ ንጣፍ ጨርቅ ነው። ቃሉ አንድ፣ በሩ ሁለት።

ኮምብድ የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። ጥጡ ከመፈተሉ በፊት እንደ ፀጉር ተበጥሮ አጫጭሩ ወጥቶለታል ማለት ነው። ሜርሰራይዝድ እና ሳንፎራይዝድ ደግሞ ኬሚስትሪ ይመስላሉ እንጂ የሰው ስም ናቸው። ጆን ሜርሰር የተባለ እንግሊዛዊ በ1844 ጥጥን ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ቢነክረው ቀለም አጥብቆ የሚይዝና የሚጠነክር ሆኖ አገኘው። የዛሬው ማብረቅረቅ የመጣው ሌሎች ሰዎች በኋላ ጨርቁን ወጥረው መንከር ሲጀምሩ ነው። ሳንፎርድ ክሉዌት የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ በ1930 ጨርቅን ገና ፋብሪካ ውስጥ እያለ አስቀድሞ የሚያኮማትር ዘዴ አስመዘገበ። ሸሚዛችሁ ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ አንገታችሁን ካላነቀ ክሉዌትን አመስግኑት።

ከፈትል ወደ ጨርቅ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ድርና ማግ ነው። ድሩ በቁመት ይወጠራል፣ ማጉ በመሀሉ ይመላለሳል። ፋብሪካው ይህን ዎቨን ይለዋል። ሁለተኛው ኒት ነው፤ ክሩ ቀለበት እየሠራ አንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ እየሾለከ ይያያዛል። ቲሸርት ሲሳብ የሚለጠጠው ክሩ ላስቲክ ስለሆነ አይደለም። ቀለበቶቹ ስለሚዘረጉ ነው።

አሁን የጂንስ ሱሪያችሁን እግር ወደ ላይ ጠቅለል አድርጉት። ውጩ ሰማያዊ፣ ውስጡ ነጭ ነው። ይህ የሆነው ድሩ ብቻ በኢንዲጎ ስለተነከረ ነው፤ ማጉ ነጭ እንደሆነ ገባ። በተለመደው ጂንስ ሰማያዊው ድር ከሦስት ማግ በላይ ዘሎ ከአንድ ማግ ሥር ይገባል። ስለዚህ ሰማያዊው በብዛት ውጭ ይታያል፣ ነጩ ውስጥ ይደበቃል። ያ ሰያፍ መስመርም የመጣው ከዚሁ አዘላለል ነው፤ ስሙ ትዊል ነው። ኢንዲጎው ደግሞ የክሩን ልብ አያገኘውም፤ ዙሪያውን ብቻ ይለብሳል። ጉልበቱ ላይ ሲፋቅ ውስጡ ያለው ነጭ ብቅ ይላል። ሰው "ቀለሙ ለቀቀ" ብሎ የሚያማርርበትን ነገር ሌላው ጨምሮ ከፍሎ ይገዛዋል።

ጀርሲ ሲባል ብዙዎቻችን ማልያ ይመጣብናል። በፋብሪካ ቋንቋ ግን የአሠራር ስም ነው። የተራ ቲሸርት ጨርቅ ሲንግል ጀርሲ ይባላል። ፊቱን በደንብ ካያችሁት የተደራረቡ ትንንሽ የቪ ቅርጾች ታያላችሁ። ጀርባው ላይ የግማሽ ቀለበት ረድፍ ነው። ጠርዙን ስትቆርጡት ይጠቀለላል። ሰፊዎች የሚረግሙት ለዚህ ነው።

የጨርቅ ክብደት የሚነገረው በጂኤስኤም ነው፤ አንድ ካሬ ሜትሩ ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው። አለካኩ ደስ ይላል። ክብ መቁረጫ አለ፤ ስፋቱ በትክክል 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ። ጨርቁ ላይ ጫን አድርገው ያዞሩታል። የወጣችውን ክብ ቁራጭ ሚዛን ላይ ያስቀምጧታል። 1.6 ግራም ካለች በ100 አባዙ፤ 160 ጂኤስኤም። የተለመደ ቲሸርት እዚያው አካባቢ ነው። ጂንስ ደግሞ እስካሁን በአውንስ ይጠራል፤ 14 አውንስ የሚባለው በካሬ ያርድ ነው፣ ወደ ጂኤስኤም ሲለወጥ 475 ገደማ ይሆናል። ታዲያ ጂኤስኤም ከፍ አለ ማለት ጨርቁ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ከበደ ማለት ብቻ ነው።

ወደ ቀለም እንግባ። ላብ ዲፕ የሚለውን ቃል መጀመሪያ ስሰማ ከላብ ጋር አያያዝኩት፤ ላብ ሲነካው ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ የሚፈተን መሰለኝ። እንዲያ ያለ ፈተና አለ፤ ላብ ዲፕ ግን እሱ አይደለም። ላቦራቶሪ ውስጥ የተነከረ ትንሽ የቀለም ናሙና ነው። ገዥው የፈለገውን ቀለም ይልካል። ነካሪው ተቀራራቢ ሦስት አራት ቁራጮች ነክሮ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለ ይመልሳል። አንዱ ሲጸድቅ ብዙው ጨርቅ በዚያ ቀመር ይነከራል።

የሚያጣላው የት ብርሃን ላይ እንደታየ ነው። ሁለት ጨርቆች በፀሐይ ብርሃን አንድ ዓይነት መስለው ሱቅ መብራት ሥር ሲገቡ ሊለያዩ ይችላሉ። ስሙ ሜታሜሪዝም ነው። ጃኬትና ሱሪ ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ "እንዴ፣ እዚያ እኮ አንድ ነበር!" ካላችሁ አግኝታችሁታል። ለዚህ ነው ቀለም መስኮት ዳር ቆሞ የማይጸድቀው። የመብራት ሳጥን አለ፤ ውስጡ ዲ65 የሚባለውን የቀን ብርሃን፣ ቲኤል84 የሚባለውን የሱቅ መብራት እና የተለመደውን አምፖል እያፈራረቁ ያበሩበታል።

ከለር ፋስትነስ ከፍጥነት ጋር ምንም አያገናኘውም። ቀለሙ ምን ያህል ጸንቶ ይቆያል ነው። ለምሳሌ የመታሸት ፈተና እንዲህ ነው፦ ነጭ የጥጥ ቁራጭ ጨርቁ ላይ 10 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይታሻል። አንዴ ደረቁን፣ አንዴ እርጥቡን። ከዚያ ነጩ ምን ያህል እንደቆሸሸ በግሬይ ስኬል ይመዘናል፤ 5 ምርጥ፣ 1 መጥፎ። አዎ፣ እዚህ ላይ ያለው ግሬይ የምር ግራጫ ነው። በዚህ ቋንቋ ተስፋ የምቆርጠው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው።

ጨርቁ ተነክሮ መቁረጫ ክፍል ገባ እንበል። "ማርከሩ የታለ?" ሲባል እጃችሁ ወደ እስክርቢቶ እንዳይሄድ። ማርከር የጨርቁን ስፋት የሚያክል ረጅም ወረቀት ነው። የሁሉም መጠን ፊት፣ ጀርባ፣ እጅጌና ኮሌታ እንደ እንቆቅልሽ ተገጣጥሞ ተስሎበታል። ከተነጠፈው ጨርቅ አናት ላይ ይዘረጋል፤ ቢላዋው መስመሩን ይከተላል። በቅርጾቹ መሀል የቀረው ባዶ ቦታ ሁሉ ብጣሽ ሆኖ ይጣላል። የማርከሩ ቅልጥፍና 85 ከመቶ ነው ከተባለ 15 ከመቶው ቆሻሻ ሆኗል። የልብስ ትልቁ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ ጨርቁ ስለሆነ አንድ እጅጌን ትንሽ ጠጋ አድርጎ መሳል የሺህ ልብስ ትዕዛዝ ላይ ገንዘብ ነው። ግን ኮርዱሮይና ቬልቬት ላይ እንደልብ ማዞር የለም። ፀጉራቸው የሚተኛበት አቅጣጫ አለ፤ አንዱ ቁራጭ ከተገለበጠ ልብሱ ባለ ሁለት ቀለም ይመስላል።

ግሬዲንግም ፈተና ማረም አይደለም። ከአንድ መነሻ መጠን ተነስቶ ትንሹንም ትልቁንም መጠን ማውጣት ነው። እንደ ፎቶ ኮፒ አጉሉት ቢባል ጉድ ይፈላ ነበር። ሰው ሲወፍር ደረቱ የሚሰፋውን ያህል አንገቱ አይሰፋም፣ ትከሻውም በዚያው ልክ አይረዝምም። እያንዳንዷ ነጥብ የራሷ ጭማሪ አላት።

የተቆረጠው ሁሉ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ከዚያ ተጠቅልሎ ይታሰራል። እስሩ በንድል ይባላል። አዲስ ልብስ ስትገዙ ውስጡ ተረስታ የቀረች ቁጥር አግኝታችሁ ታውቁ ይሆናል። የእሷ ሥራ የቀኝ እጅጌና የግራ እጅጌ ከአንድ ንጣፍ እንዲመጡ ማድረግ ነው። ከአንድ ጥቅል ወደ ሌላ ጥቅል ቀለሙ ትንሽ ስለሚለያይ፣ ቁጥሩ ከተምታታ አንዱ ክንዳችሁ ፈዘዝ ይላል።

ስለ ስፌት ሁለት ነገር ብቻ። በሲንጀር የምናውቀው ስፌት ሎክስቲች ይባላል፤ የላዩ ክርና የታችኛው የቦቢን ክር መሀል ላይ ይቆላለፋሉ። ፊቱም ጀርባውም አንድ ይመስላል፣ አንድ ቦታ ቢበጠስ ሁሉም አይተረተርም። ቼይንስቲች ደግሞ ሰንሰለት ነው። የዱቄት ጆንያ አፍ የተሰፋበትን ክር በትክክለኛው ጫፍ ስትስቡት ጥርርር ብሎ እስከ መጨረሻው የሚወጣው እሱ ነው። ጆንያ ላይ ጸጋ ነው፤ ሱሪ ላይ በአንድ ክር ብቻ ከተሰፋ ውርደት ነው። ስለዚህ ሱሪ ላይ ሲሠራበት ባለ ሁለት ክሩ ይመረጣል፤ ሲሳብ አብሮ ስለሚለጠጥ ከሎክስቲች ይሻላል። ዓለም አቀፉ የስፌት ምደባ ለእነዚህ ቁጥር ሰጥቷል፦ 301 ሎክስቲች፣ 101 ባለ አንድ ክር ሰንሰለት፣ 401 ባለ ሁለት ክር። ፋብሪካ ውስጥ "301 ስፋው" ሲባል ብትሰሙ የክፍል ቁጥር እንዳይመስላችሁ።

አሁን ደቂቃ። ስፌት ላይን ላይ፣ ማለትም ሰፊዎች በተርታ ተቀምጠው ልብሱን በሚቀባበሉበት መስመር ላይ፣ "ሳም ስንት ነው?" ሲባል በአማርኛ ጆሮ ነገሩ ሌላ ነው። እነሱ የሚሉት ግን አንድ ልብስ ለመሥራት የሚፈቀደውን መደበኛ ደቂቃ ነው። አንዳንዱ ኤስኤምቪ ይለዋል፤ በተግባር ያው ነው። የሰዓት ደቂቃ ግን አይደለም። የሠለጠነ ሰው በደህና ፍጥነት ሲሠራ የሚፈጅበት፣ ለድካም፣ ለክር መበጠስና ለመሳሰለው ትንሽ የተጨመረበት የሒሳብ ደቂቃ ነው።

በምሳሌ እንየው። ላይኑ ላይ 30 ሰው አለ። ቀኑ 480 ደቂቃ ነው። ሲባዛ 14,400 ደቂቃ። የቲሸርቱ ሳም 8 ቢሆን፣ ሁሉም ነገር ሰተት ብሎ ከሄደ 1,800 ቲሸርት ይወጣል። ማታ ሲቆጠር 990 ወጣ። 990 በ8 ሲባዛ 7,920፤ ለ14,400 ሲካፈል 55 ከመቶ። የላይኑ ቅልጥፍና 55 ነው ይባላል። አለቃው ሪፖርቱን ይዞ "ሰዎቹ ግማሽ ቀን ቁጭ ብለው ዋሉ" ብሎ የሚቆጣው እዚህ ላይ ነው። ላይኑን ሄዶ ቢያይ በስንፍና ቁጭ ያለ የለም። ኮሌታ የምትገጥመው ልጅ በሰዓት 240 ታወጣለች። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ማሽን 124 ገደማ ብቻ ነው የሚያስተናግደው። ማሽኑ ፊት ክምር አለ፣ ከማሽኑ ወዲያ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ይህ ቦትልኔክ፣ የጠርሙስ አንገት፣ ነው። ውሃ በጠባቧ አፍ ልክ ነው የሚወርደው፤ ጠርሙሱን ብትቆጡት አይሰፋም።

መጨረሻ ላይ ጥራት ተቆጣጣሪ ይመጣል። "ኤኪውኤል 2.5" ይላል። ብዙ ሰው የሚረዳው "ከመቶ 2.5 ብልሹ ይፈቀዳል" ብሎ ነው። እንዲህ ቀላል ቢሆን ጥሩ ነበር። ኤኪውኤል ሁሉንም ልብስ ሳያዩ ትዕዛዙን ለመቀበል ወይም ለመመለስ የሚወሰንበት የናሙና ሰንጠረዥ ነው። ሥሩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ጦር ይጠቀምበት የነበረው የፍተሻ ዘዴ ነው፤ ዛሬ አይኤስኦ 2859 ላይ ይገኛል። 3,000 ልብስ ከሆነ፣ በተለመደው ደረጃ፣ 125 ይመረጣል። ዋና ጉድለት ያለበት እስከ 7 ከተገኘ ይታለፋል። 8 ከሆነ ትዕዛዙ ይመለሳል።

አሁን የ125 ሁለት ነጥብ አምስት ከመቶ ስንት ነው? 3 ገደማ። ታዲያ 7 ለምን ተፈቀደ? ምክንያቱም ናሙና ዕድል አለበት። እውነተኛው ብልሽት 2.5 ከመቶ የሆነ ትዕዛዝ እንኳን በክፉ ቀን 5 ወይም 6 ሊያወጣ ይችላል። ሰንጠረዡ ደህናውን ፋብሪካ በአንድ ክፉ አጋጣሚ እንዳይቀጣ ነው የተሰናዳው። በምላሹ ደህና ያልሆነውም አንዳንዴ ያመልጣል። ገዥው ይህን አውቆ ነው የሚፈርመው። በቃሉ ውስጥ ያለው ኤል ቀድሞ ደረጃ ማለት ነበር፤ በኋላ ወሰን በሚለው ተቀየረ። ሰዎች "እዚህ ድረስ መሥራት ይቻላል" ብለው እንዳይተኙበት ነው። መርፌ ልብሱ ውስጥ ከተገኘ ግን ሰንጠረዥ የለም፤ ለእሱ የሚፈቀደው ዜሮ ነው።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ገንዘብ ያስከፍላሉ። ሲኤምቲ ማለት የፋብሪካው ሥራ መቁረጥ፣ መስፋትና ማጠናቀቅ ብቻ ነው ማለት ነው። ጨርቁን ገዥው ያመጣል። ቲ የምትወክለው ትሪም ራሱ ሁለት ትርጉም አለው፦ አንዱ የተንጠለጠለ ክር ቀንጥሶ ማጽዳት፣ ሌላው ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ምልክት የመሰለው ተቀጥላ። ዋጋ ስትነጋገሩ ቁልፉን ማን ይገዛል የሚለው በዚህች ፊደል ላይ ይንጠለጠላል።

ኤፍኦቢ በባሕር ንግድ ሻጩ ዕቃውን መርከብ ላይ እስኪጭን ድረስ ኃላፊ ነው ማለት ነው። የልብስ ሰዎች ግን ሌላም ነገር ጭነውበታል፦ ፋብሪካው ጨርቁንም ክሩንም ራሱ ገዝቶ ያለቀ ልብስ ይሸጣል። ልዩነቱ የሚታየው አንድ ጥቅል ጨርቅ ተበላሽቶ ሲመጣ ነው። ሲኤምቲ ከሆነ ፋብሪካው ፎቶ አንስቶ ለገዥው ይልክና ማሽኑን አቁሞ ሌላ ጨርቅ ይጠብቃል። ኤፍኦቢ ከሆነ ያ ጥቅል የፋብሪካው ነው። ጨርቁን ከሸጠለት ሰው ጋር ይከራከራል፤ የመርከቡ ቀን ግን አይጠብቀውም።